ረዳቱ ስለ ሞተሩ አያወራም

ደብዳቤው

ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ አዳማ ነው የምኖረው። ቀን ቀን መድኃኒት ቤት እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ፖድካስት እቀዳለሁ። እንግዶቼ የመጀመሪያ ደሞዛቸውን ታሪክ ያወራሉ፤ ስንት እንደነበር፣ ምን እንደገዙበት፣ ማን እንደተካፈላቸው። እስካሁን 14 ክፍል አውጥቻለሁ። አድማጮቼ ግን 60 አይሞሉም። ከነሱም ግማሾቹ ዘመዶቼ ናቸው።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ወንድሜ «ትሬለር ሥሪ እንጂ፣ ያለ ትሬለር ማን ያውቅሻል?» አለኝ። ፕሮግራሙን ለማያውቅ ሰው የሚያስተዋውቅ አጭር ቅጂ መሆኑ ነው። ሦስት ማታ ለፍቼ ሠራሁ። 4 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ነው። ቴሌግራም ቻናሌና ፌስቡክ ገጼ ላይ ለጠፍኩት። 41 ሰው ከፈተው። አዲስ አድማጭ ግን አንድም አልመጣም። እናቴ ደግሞ ሰማችውና «ልጄ፣ ሰው እንዴት ራሱን እንዲህ ያሞግሳል?» አለችኝ። እኔም አፈርኩ።

ይሄ ትሬለር የሚባለው ነገር ለእኛ ሰው አይሠራም ማለት ነው? ወይስ እኔ አላወቅኩበትም? ፋይሉን አያይዤልዎታለሁ። ስሜንና የፕሮግራሜን ስም ባያወጡብኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ፣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ

መልስ

እህቴ፣ ትሬለርሽን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። አንዴ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ አንዴ ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ። ቤት ስሰማው እስከ መጨረሻው ጨረስኩት። አደራ ስላለብኝ ነው እንጂ ወድጄው አይደለም። ታክሲ ውስጥ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ እጄ ራሱ ስልኩን ወደ ሌላ ነገር ወሰደው። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ።

ቤት ተመልሼ ወረቀትና ሰዓት ይዤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዎቹ 18 ሴኮንዶች ሙዚቃ ናቸው። ከዚያ «ሰላም ጤና ይስጥልኝ ውድ ተከታታዮቻችን፣ በያላችሁበት የከበረ ሰላምታችን ይድረሳችሁ» እያልሽ እስከ 52ኛው ሴኮንድ ሄድሽ። ከዚያ የፕሮግራሙ ዓላማ መጣ። ቀጥሎ «በዓይነቱ ልዩ የሆነ» የሚለው ሐረግ ሦስት ጊዜ። ከዚያ መቼ እንደጀመርሽ፣ ማን ማይክ እንደገዛልሽ፣ ማን እንዳበረታታሽ። የመጀመሪያው የእንግዳ ድምፅ የተሰማው 2 ደቂቃ ከ38 ሴኮንድ ላይ ነው። እሱም ያለው «ስለጋበዝሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ነው።

እስቲ ልጠይቅሽ፣ «ውድ ተከታታዮቻችን» ያልሽው ማንን ነው? ያሉሽ ተከታታዮች ትሬለር አያስፈልጋቸውም። ትሬለሩ የተሠራለት ሰው ደግሞ ገና አልተከተለሽም። ከጅምሩ ለተሳሳተ ሰው ነው ያወራሽው።

መገናኛ ቆሞ የሚጣራውን የታክሲ ረዳት አስቢው። «ቦሌ ቦሌ ቦሌ! አንድ ሰው!» ነው የሚለው። ስለ ሞተሩ አያወራም። ሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ያወጣበትን ዓመት አይነግርሽም። «በዓይነቱ ልዩ የሆነ ሚኒባስ» ብሎም አያውቅም። ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል፣ በሩን ከፍቶ ይይዛል፣ አለቀ። ቦሌ የሚሄድ ሰው ይገባል። የማይሄደው ያልፋል፤ ረዳቱም አይቀየመውም። ትሬለር ማለት ይሄው ነው።

የሰላምታሽ ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እኔም ያደግኩበት ነው። ሰው ቤት ገብቶ ሰላም ሳይሉ፣ የልጆቹን ደኅንነት ሳይጠይቁ ወሬ መጀመር ነውር ነው። ሬዲዮ ላይም ሰላምታ ቦታው ነበር። አድማጩ ጣቢያውን ከፍቶ እየጠበቀሽ ነው፣ ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ ሰላም ትይዋለሽ፣ አብራችሁ ትቀመጣላችሁ። ትሬለር የሚሰማ ሰው ግን ቤቱ አላስገባሽም። መንገድ ላይ እያለፈ ነው። ጣቱም ስክሪኑ ላይ ነው። ሰላምታሽን ለሙሉው ክፍል አስቀምጪለት፣ እዚያም አሳጥሪው።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ከደብዳቤሽ ሁሉ የከበደው የሳቸው ዐረፍተ ነገር ነው።

እናትሽ ልክ ናቸው። ግን ልክ የሆኑት አንቺ ባሰብሽው ምክንያት አይደለም። እሳቸውን ያሳፈራቸው ፕሮግራምሽን ለሰው ማሰማትሽ አይመስለኝም። ያሳፈራቸው «በዓይነቱ ልዩ»፣ «ተወዳጅ»፣ «አስተማሪና አዝናኝ» ማለትሽ ነው። እነዚህ ቃላት ሌላ ሰው ስለ አንቺ ሲላቸው ምስጋና ናቸው። ራስሽ ስትያቸው ጆሮ ይቆረቁራሉ። ማርም የሚሸጥ ሰው «ማሬ ጣፋጭ ነው» እያለ ሲለፈልፍ ብዙም አይታመንም። በጣቱ ጫፍ ቆንጠር አድርጎ «ቅመሺው» ሲል ግን ይታመናል። ራስን ማሞገስ ከፈራሽ መፍትሔው ትሬለር መተው አይደለም። ከትሬለሩ ውስጥ ራስሽን ማውጣት ነው። እንግዶችሽ ይናገሩ።

ይናገራሉም እኮ! ትሬለሩ ስላሳዘነኝ ክፍሎቹን መስማት ጀመርኩ። አምስቱን በሁለት ቀን ጨረስኩ። አሁንማ ትንሽ ተናድጄብሻለሁ። 6ኛው ክፍል ላይ የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሾፌሩ እንዲህ ይላሉ፦

«የመጀመሪያ ደሞዜን 285 ብር ተቀበልኩ። ቤት እስክደርስ ኪሴን አሥር ጊዜ ነካሁ። ቤት ስደርስ ብሩ አለ። ጫማዬ ግን የለም።»

ይሄን ይዘሽ ነው 18 ሴኮንድ ሙዚቃ የምታሰሚን? ሰውየው ጫማቸው የት ሄደ? እኔ አሁን አውቃለሁ፤ 6ኛውን ክፍል ሰምቼዋለሁ። እዚህ ግን አልናገረውም። ይሄን የምታነቡ ሰዎች አሁን ትንሽ ከተናደዳችሁብኝ፣ ትሬለር ማለት እሱ ንዴት ነው።

እንዲህ ያለውን ቦታ እንዴት እንደምታገኚው ልንገርሽ። አሥራ አራቱንም ክፍሎች እንደገና ስሚ። ኤዲት እያደረግሽ አይደለም፣ ጎመን እየከተፍሽ ወይ ልብስ እያጠብሽ። ደብተር አጠገብሽ ይኑር። እጅሽ ሥራውን ያቆመበትን ደቂቃና ሴኮንድ ጻፊ። ለምን እንደቆመ አትመርምሪ፣ ጻፊ ብቻ። ቀጥሎ ከ60ዎቹ አድማጮችሽ ለሰባት ወይም ለስምንት ሰው ደውዪ። «የትኛውን ክፍል ወደድከው?» አትበዪ፤ ለዚህ ጥያቄ ሁሉም «ሁሉንም» ነው የሚልሽ። «ከሰማኸው ውስጥ ለሌላ ሰው ያወራኸው አለ? ምኑን?» ብለሽ ጠይቂ። ድሮ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። አንቺ የምትፈልጊው ሰው ሳይታዘዝ ላልሰማ ያሰማውን ነው። ሰባት ሰው ደውለሽ ሦስቱ ጫማውን ካነሱልሽ፣ ተገኘ ማለት ነው።

ከዚያ ቁረጪው። መቁረጥ ላይ አንድ ነገር አደራ፤ መልሱን አብረሽ አታስገቢ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ታሪክ ያገኝና አዝኖለት ሙሉውን ያስገባዋል። ታሪኩ አለቀ፣ አድማጩም ረክቶ ሄደ።

እስቲ ካሉሽ ቀረጻዎች እንዲህ አድርጌ ልሞክርልሽ።

ሾፌሩ፦ «...ቤት ስደርስ ብሩ አለ። ጫማዬ ግን የለም።»

(ዝም። ሙዚቃ የለም። ሁለት ሴኮንድ።)

ጡረታ የወጡት አስተማሪ፦ «ሙሉውን ለአባቴ ሰጠሁት። ቆጠረና፣ "ቀሪውስ?" አለኝ።»

ፀጉር ቤት ያላት ልጅ፦ «አንድ ሊፒስቲክ ገዛሁ። እስከ ዛሬ አለኝ። ተቀብቼው ግን አላውቅም።»

አንቺ፦ «በየሳምንቱ አንድ ሰው የመጀመሪያ ደሞዙን ታሪክ ይነግረኛል። የፕሮግራማችን ስም እገሌ ነው። አዲስ ክፍል ሐሙስ ማታ ይወጣል። ከሾፌሩ ጀምሩ፤ 6ኛው ክፍል ነው።»

መጨረሻ ላይ ክራር ለጥቂት ሴኮንድ ይሰማና ያልቃል። ጮክ ብዬ በሰዓት ሳነበው ከአንድ ደቂቃ አነሰ። አንቺ ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ባለው ውስጥ ብታስቀሪው ይበቃሻል። ልብ በይ፣ ሰላምታ የለም፣ «በዓይነቱ ልዩ» የለም፣ አንቺም የምትናገሪው አራት ዐረፍተ ነገር ነው። እናትሽን አሰሚያቸው።

የመጨረሻዎቹን አራት ዐረፍተ ነገሮች ግን አትናቂያቸው። እኔ ሬዲዮ ላይ ሳለሁ ትሬለር አንለውም ነበር፣ ፕሮሞ ነበር ስሙ። አንድ ጊዜ ለአንድ አዲስ ድራማ ፕሮሞ ሠራሁ። የበር መንኳኳት አለው፣ የሴት ለቅሶ አለው፣ ኮራሁበት። አንድ ሳምንት ሙሉ በቀን ብዙ ጊዜ ተላለፈ። ከዚያ ስልክ መደወል ጀመረ። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ድራማው በስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት ነው?» ረስቼዋለሁ! ከለቅሶው ብዛት ቀኑን ሳልናገር ቀረሁ። እስከ ዛሬ የዚያን ጊዜ ባልደረቦቼ ሲያገኙኝ «በስንት ሰዓት ነው?» ይሉኛል።

ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ማዘዝ የሚቻለው። አንቺ መጨረሻ ላይ «ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ፣ ኮሜንት፣ የደወል ምልክቷን» ብለሽ ቴሌግራሙንም ጨመርሽበት። ሰው ስድስት ነገር በአንዴ ሲታዘዝ አንዱንም አይሠራም። «ከሾፌሩ ጀምሩ» በቂ ነው። የት እንደሚጀምር ያወቀ ሰው ይጀምራል። አሥራ አራት ክፍል ተደርድሮ ያየ ሰው ግን መምረጡ ይደክመውና ይወጣል።

ስለ ፕሮግራምሽ ስም ቃል አለብኝ፣ አላወጣውም። ውስጡ «ደሞዝ» የሚል ቃል እንዳለ ግን መናገሬ ግድ ነው። ይሄ ቃል መዘዝ አለው። አንቺ «ደሞዝ» ብለሽ ጽፈሽዋል። «ደመወዝ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። በላቲን ፊደል የሚፈልገውም አለ። እኛ አማርኛ ጸሐፊዎች በሀና በሐ፣ በሰና በሠ፣ በጸና በፀ ስንጨቃጨቅ ዘመን አለፈ፤ የስልክ መፈለጊያ ደግሞ ጭቅጭቃችንን አያውቅም፣ የተጻፈለትን ፊደል ነው የሚፈልገው። መግለጫው ላይ ሁለቱንም አጻጻፍ አስገቢ፣ የላቲኑንም ጨምሪ። ትሬለሩ ላይም ስሙን ረጋ ብለሽ ጥሪው። አንቺ ስሙን የተናገርሽው ሙዚቃው ከፍ ባለበት ቦታ ነው፤ ሁለት ጊዜ መልሼ ነው የሰማሁት።

አሁን ወደ ማሽኑ። እዚህ ላይ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ። ትሬለርሽ ቴሌግራም ላይ አለ፣ ፌስቡክ ላይ አለ፣ ፖድካስቱ ራሱ ውስጥ ግን የለም! ክፍሎችሽን በምትጭኝበት ቦታ ላይ የክፍሉን ዓይነት የምትመርጪበት አለ፤ ሙሉ ክፍል፣ ትሬለር፣ ወይም ቦነስ። አፕል ይሄን ምርጫ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። «ትሬለር» ብለሽ ከመረጥሽ አፕል ፖድካስት ላይ ከገጽሽ አናት ይቀመጥልሻል። እንደ ተራ ክፍል ከጫንሽው ግን አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ወደ ታች እየሰመጠ ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት ቃናውን ብትቀይሪ ደግሞ አዲስ ሠርተሽ ትተኪዋለሽ። (ገና ያልጀመራችሁ ካላችሁ ይሄን ያዙ። አፕል ፕሮግራማችሁን ለመመዝገብ ቢያንስ አንድ የተጫነ ነገር ይፈልጋል፤ ትሬለሩ ራሱ ይበቃል። የመጀመሪያው ክፍል ሳይወጣ ገጻችሁ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።)

የድምፅ መጠኑንም አስተካክዪው። ሾፌሩ ይጮሃሉ፣ አስተማሪው ያንሾካሹካሉ፣ ሙዚቃው ሁሉንም ይውጣል። አፕል ለፖድካስት የሚመክረው ማይነስ 16 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ቃሉ አያስፈራሽ፤ ኦዳሲቲ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፣ ድምፅን ወደዚህ ቁጥር የሚያመጣ መሣሪያ አለው። ከዚያ በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በስልክሽ ስፒከር ስሚው። ሚኒባስ ውስጥ ካልተሰማ አልተሰማም።

አንድ ስሌት ላሳይሽ፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ስለ አድማጭ ሲወራ ስለ ፓኬጅ ሳይወራ አይሆንም። ንግግር በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር)፣ በሴኮንድ በ64 ኪሎቢት ሲቀመጥ አንድ ደቂቃው ግማሽ ሜጋባይት አይሞላም። 45 ደቂቃ የሚፈጀው ክፍልሽ በዚሁ ልክ ወደ 22 ሜጋባይት ነው። አንቺ በ128 ነው የምትጭኚው፣ ስለዚህ ወደ 43። የማያውቅሽ ሰው ከሞባይል ዳታው ላይ 43 ሜጋባይት አይሰጥሽም። ግማሽ ሜጋባይት ግን ለእንግዳም ይሰጣል። የትሬለር ጥቅም ለእኛ ሰው እንዲያውም ከሌላው ይበልጣል። የጠየቅሽኝም ይሄንኑ ነው።

ግን ጥሩ ትሬለር ሠርተሽ ራስሽ ቻናል ላይ ብቻ ብትለጥፊው፣ ረዳቱ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጦ ለተሳፈሩት «ቦሌ ቦሌ» አለ ማለት ነው። 41 ሰው ከፈተው አልሽኝ። እነማን ናቸው? አክስቶችሽ። ትሬለር ወደ ሌላ ሰው ሠፈር ካልሄደ ሥራ የለውም።

ትልልቆቹም ያደረጉት ይሄንኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 ሲሪያል የሚባለው ፖድካስት ሲጀመር፣ አድማጭ ከዜሮ አልለመነም። ዲስ አሜሪካን ላይፍ ከሚባለው የታወቀ የሬዲዮ ፕሮግራም የወጣ ነበር፤ የመጀመሪያው ክፍል እዚያው ሬዲዮው ላይ ተላለፈ። ቀጣዩን ለመስማት ፖድካስቱን መፈለግ ግድ ሆነ። አንቺ እንዲህ ያለ ታላቅ ወንድም የለሽም። እኩዮች ግን አሉሽ።

በአማርኛ ፖድካስት የሚሠሩ፣ ያንቺን ያህል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ አድማጭ ያላቸው አምስት ሰዎች ፈልጊ። የግድ ስለ ደሞዝ የሚያወሩ መሆን የለባቸውም። ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ እርሻ ቢሆን ግድ የለም፤ አድማጩ ሰው ሲያወራ መስማት የሚወድ ከሆነ ይበቃል። መጀመሪያ ግን ስሚያቸው። ሳትሰሚ «እንተባበር» የሚል መልእክት አትላኪ፣ ያስታውቅብሻል። ከዚያ አንቺ ቀድመሽ ስጪ፦ «ያንቺን ትሬለር በሚቀጥለው ክፍሌ መሀል ላስገባልሽ? ወድጄዋለሁ፣ በተለይ እንዲህ ያልሽበትን» በያት። በገንዘብ አይደለም፣ በወረፋ ነው፤ እንደ ወንፈል። ዛሬ ያንቺን እርሻ፣ ነገ የኔን። ሲያስገቡልሽም ፋይሉን ብቻ እንዳይጥሉት ጠይቂ። አዘጋጇ በራሷ ድምፅ «ይቺን ልጅ ሰምቻት ስቄያለሁ፣ እስቲ ስሟት» ብላ ብታስገባው ሌላ ነገር ነው። ሰው የሚያምነው የለመደውን ድምፅ ነው።

ወንድምሽን ደግሞ ሥራ ስጪው፤ ምክር ብቻ አይስጥ። በዋሽንግተን አካባቢ መኪና እየነዱ የሚያድሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ጆሯቸው ነፃ ነው፣ ሌሊቱ ረጅም ነው፣ የመጀመሪያ የዶላር ደሞዛቸውንም አይረሱትም። ስለ ዓረብ አገር እህቶቻችንም አስቢ። ጅዳና ዱባይ ሰው ቤት እየሠራች፣ በአንድ ጆሮዋ የምትሰማ ልጅ የመጀመሪያ ደሞዟን ምን እንዳደረገችው ብትጠይቂያት፣ አንድ ክፍል ሳይሆን አሥር ክፍል ይወጣዋል። ለነሱ የሚሆን ትሬለር ለመሥራት ግን መጀመሪያ ከነሱ አንዷ እንግዳሽ ትሁን። የነሱ ድምፅ የሌለበትን ቅንጫቢ «ለእናንተ» ብሎ መላክ ደስ አይልም። እዚያ ፋይል የሚዞረው በዋትሳፕና በኢሞ ነው፤ ትንሽ ፋይል መሆኑ አሁንም ይጠቅምሻል።

ቴሌግራም ላይ ስትልኪ እንደ ድምፅ መልእክት ቀድተሽ አትላኪው። የድምፅ ፋይል አድርገሽ ላኪው፤ ርዕስና ምስል ይይዛል፣ ከእጅ እጅ ሲተላለፍም ስሙ አብሮት ይሄዳል። ለቲክቶክና ለዩቲዩብ ሾርትስ ደግሞ ያንኑ ድምፅ ቁም ምስል ላይ አድርጊው፣ ንግግሩን በጽሑፍ አስገቢበት። ብዙ ሰው ድምፁን ዘግቶ ነው የሚያየው። «ጫማዬ ግን የለም» የሚለው ሲነበብም ያስቆማል። ሾርትስ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጥቅምት ወዲህ እስከ 3 ደቂቃ ይፈቅዳል፤ አንቺ ግን አንድ ደቂቃሽን አታስረዝሚ። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ግን ፖስተር እንዳትለጥፊ። የታመመ ሰው ነው የሚመጣው፣ ተይው።

ሁለት ጥንቃቄ አለኝ። አንዱ ሙዚቃው ነው። የከፈትሽው የታወቀ ዘፋኝ ዘፈን ነው፣ ያውም ከነድምፁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ አለ። ዩቲዩብም የሰውን ዘፈን ራሱ ይለያል። እዚያው አዳማ ክራር የሚመታ ልጅ አይጠፋም። 20 ሴኮንድ ያስቀዳሽ፣ የሚገባውን ክፈይው፣ ፈቃዱን በወረቀት አስፈርሚ። ሁለተኛው እንግዶችሽ ናቸው። ሾፌሩ ለአንድ ሰዓት ጨዋታ ነው የተስማሙት። አንዲት ዐረፍተ ነገራቸው ተቆርጣ ቲክቶክ ላይ ስትዞር ሌላ ነገር ናት። አስተማሪው ስለ አባታቸው የተናገሩትም እንደዚያው። ደውዪና አሰሚያቸው። «አይሆንም» ካሉ አይሆንም፤ ሌላ ቅንጫቢ አታጪም።

ከለቀቅሽው በኋላ ትሬለሩን ስንት ሰው ከፈተው እያልሽ አትቁጠሪ። 41 ይሁን 400፣ እሱ ቁጥር ሆድ አይሞላም። የምታዪው 6ኛው ክፍል በዚያ ሳምንት ስንት አዲስ ሰው አገኘ የሚለውን ነው። «ከሾፌሩ ጀምሩ» ያልሽው ለዚህም ይጠቅምሻል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ከየት እንደመጣ ታውቂዋለሽ። አፕልም፣ ስፖቲፋይም፣ ዩቲዩብም ሰው የት ላይ ጥሎ እንደወጣ የሚያሳይ መስመር አላቸው። መስመሩ ከመጀመሪያው ሴኮንዶች ላይ ገደል ከገባ መክፈቻሽ ነው ጥፋቱ። መሀል ላይ ከወረደ አርዝመሽዋል። እስከ መጨረሻው ሰምተው 6ኛውን ክፍል ካልከፈቱ ደግሞ፣ ወይ ቅንጫቢው መልሱን ተናግሯል፣ ወይ ስሙ አልተሰማም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፣ እሱም ትንሽ ሊያምሽ ይችላል። ሰውየው ትሬለሩን ሰማ እንበል። ጫማው የት እንደገባ ለማወቅ ቸኩሏል። 6ኛውን ክፍል ከፈተ። ምን ይሰማል? ሦስት ደቂቃ ከምናምን ሰላምታ፣ የስፖንሰር ምኞት፣ ያለፈው ሳምንት ምስጋና። የጫማው ነገር የሚመጣው 19ኛው ደቂቃ ላይ ነው። እዚያ ድረስ አይቆይልሽም። ስለዚህ አዲሱን ትሬለር ከመልቀቅሽ በፊት የ6ኛውን ክፍል መግቢያ ቆርጠሽ፣ ሾፌሩን ከ30 ሴኮንድ በፊት አስገብተሽ፣ ፋይሉን እዚያው ቦታ ላይ ተኪው። ሌሎቹን ቀስ እያልሽ ትደርሺባቸዋለሽ።

አዲሱን ስትጨርሺ ላኪልኝ። ታክሲ ውስጥ ነው የምሰማው።